የጠፋው የፎስፎ-ስታት3 ባንድ እንዴት ተመለሰ

የዶክትሬት ሥራዬ ኢንተርሊውኪን-6 (ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን) በሴል ውስጥ የሚያስነሳውን መልእክት መከታተል ነው። ዋናው መለኪያዬ ታይሮሲን 705 በተባለው አሚኖ አሲዱ ላይ ፎስፌት የተጨመረበት ስታት3 (ፎስፎ-ስታት3) ነው፤ ስታት3 ይህን መልእክት ወደ ጂኖች የሚያደርስ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኖችን በጄል ለይቶ በአንቲቦዲ እንደ ባንድ (መስመር) በሚያሳየው ዌስተርን ብሎት ጠቅላላው ስታት3 ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎስፎው ግን ድራሹ የለም።

ሁሉም ሰው ጣቱን የቀሰረው ፎስፎውን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ ላይ ነበር። ምስኪን፣ ሁሌም ቀዳሚው ተጠርጣሪ እሱ ነው! ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፖዘቲቭ ኮንትሮል (ፎስፎ-ስታት3 እንዳለበት የታወቀ ናሙና) እዚያው ጄል ላይ ስጭን ግን ባንዱ ወጣ። የጂን እንቅስቃሴ በሚለካው ኪውፒሲአርም ስታት3 የሚያስነሳው የሶክስ3 ጂን ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ ሴሎቹ መልእክቱን ተቀብለዋል። ጣጣው ያለው ሴሎቹ ከፈረሱ በኋላ ነው ማለት ነው።

ሴል ሲፈርስ ፎስፋቴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ይለቀቁና ፎስፌቱን ይነቅሉታል። ይህን እንዲያግድ ሴሎቹን በምናፈርስበት ፈሳሽ (ላይሲስ በፈር) ውስጥ ሶዲየም ኦርቶቫናዴት የተባለ ኬሚካል አለ። የላብራቶሪው ጠርሙስ ግን ቢጫ ሆኗል። ቢጫው ቫናዴቶች ተያይዘው የሚፈጥሩት ዴካቫናዴት ነው፤ ታይሮሲን ፎስፋቴዝን በደንብ አያግድም።

አዲስ 200 ሚሊሞላር ኦርቶቫናዴት በጠበጥኩ። ፒኤቹን 10 አድርጌ ቀለሙ እስኪጠፋ አፈላሁት። ሲቀዘቅዝ ፒኤቹን እንደገና 10 ላይ መለስኩ። ቀለም አልባ ሆኖ 10 ላይ እስኪረጋ ይህን መደጋገም ነው፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ። በበፈሩ ውስጥ 1 ሚሊሞላር ይበቃል። ኢዲቲኤ (የብረታ ብረት አዮኖችን የሚይዝ) እና ዲቲቲ (ሪዲዩስ የሚያደርግ ኬሚካል) ቫናዴትን ስለሚያከሽፉ ከላይሲስ በፈሩ አወጣኋቸው።

ባንዱ ተመለሰ። የምትፈልጉት ፎስፎ-ሴሪን ወይም ፎስፎ-ትሪዮኒን (ፎስፌቱ በታይሮሲን ፈንታ በእነዚህ አሚኖ አሲዶች ላይ ያለ) ከሆነ ግን ቫናዴት ብቻውን አያድናችሁም፤ ሶዲየም ፍሎራይድና ቤታ-ግሊሴሮፎስፌት ጨምሩ።