ከዛንዚባር ዳይቪንግ በኋላ የመመለሻ በረራውን እንዴት እንዳስተካከልኩት

ዛንዚባር ሄዳችሁ ስኩባ ዳይቪንግ (ከአየር ታንክ እየተነፈሱ ባህር ውስጥ መጥለቅ) ልታደርጉ ካሰባችሁ ይሄን አንብቡ። የእኔ ችግር የመጨረሻው ዳይቭና ወደ አዲስ አበባ የሚመልሰኝ በረራ በጣም መቀራረባቸው ነበር። ጥልቀት ውስጥ ከታንክ ስንተነፍስ ናይትሮጅን ሰውነታችን ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ ደግሞ አረፋ ይሆንና መገጣጠሚያን ከማሳመም አልፎ አከርካሪንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ከባህሩ ዳር ያንሳል። ብዙ ሰው የማያስበው ግን ቤታችን ራሱ ከፍታ ላይ መሆኑን ነው፦ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፣ ስለዚህ ካረፍንም በኋላ ግፊቱ ዝቅ እንዳለ ነው።

የተለመደው ምክር ከአንድ ዳይቭ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግማችሁ ከጠለቃችሁ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየት ነው።

ትኬት መቀየር ውድ ስለሆነ የቀኖቹን ቅደም ተከተል ገለበጥኩት። ምኔምባ በምትባለው ደሴት ዙሪያ የያዝኳቸውን ዳይቮች በሙሉ ወደ መጀመሪያ አመጣሁ። የመጨረሻውን ሙሉ ቀን ለአሮጌው ከተማ ለስቶን ታውንና ለጆዛኒ ደን ተውኩት፤ እዚያ ያሉት ቀይ ኮሎበስ ጦጣዎች በእውነት መታየት አለባቸው! በንፋስ የተሰረዘ ዳይቭ ወደዚያ ቀን እንዳይገፋም ለዳይቪንግ ማዕከሉ አስቀድሜ ጻፍኩላቸው፣ ወዲያው ተስማሙ።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ ስላለ ሌላ ወቅት ምረጡ። ከዳይቪንግ በፊት የሚሞላው የጤና መጠይቅ ላይ «አዎ» የምትሉት ነገር ካለ የሐኪም ፊርማ ሊፈለግ ይችላል፣ እሱን ከመነሳታችሁ በፊት እዚሁ ጨርሱት።