ብሪጅ ያሰራ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ብሪጅ በጎደለ ጥርስ ቦታ፣ ከጎንና ጎኑ ባሉት ጥርሶች ተይዞ የሚቀመጥ ሰው ሰራሽ ጥርስ ነው። የእናቴ ብሪጅ የወለቀው በአስራ አንደኛ ዓመቱ፣ ዳቦ እየበላች ነው። ብሪጁን በሶፍት ጠቅልላ ሐኪም ቤት ሄድን። ሸክላው አልተሰነጠቀም፣ ቀለሙም አልለቀቀም። ከስር ሆኖ ብሪጁን ይዞት የነበረው የራሷ ጥርስ፣ ተሸካሚው፣ ግን ጠቁሮ፣ ከድድ እኩል ተሰብሯል። መነቀል ነበረበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሪጅ ያሰራ ሰው ሳገኝ ዝም ማለት አልችልም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና።

«ሰው ሰራሽ ነው፣ አይበላሽም» ማለት

ብሪጅ የሚሠራው እንዲህ ነው። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ይሞረዱና ክራውን፣ እንደ ቆብ ያለ ሽፋን፣ ይለብሳሉ። መካከል ላይ ያለው ጥርስ ሥር የለውም፤ ከሁለቱ ጋር ተያይዞ ድዱ ላይ አረፍ ይላል። ብሪጁ የሚሠራበት ፖርስሊን (ሸክላው) ሆነ ዚርኮኒያ አይበላም። ክራውኑ የሚያልቅበት፣ ድድ አጠገብ ያለው ጠርዝ ላይ ግን የራስዎ ጥርስ አለ። ቆሻሻ እዚያ ከተቀመጠ ጥርሱ ከውስጥ ይበላል።

ብሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል። 20 ዓመት ያለፈውም አለ፣ 5 ሳይሞላው የወለቀም አለ። ልዩነቱን በብዛት የሚፈጥረው የተሸካሚዎቹ ጤና ነው።

ከላይ ብቻ መቦረሽ

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እናቴ ጠዋትና ማታ ትቦርሽ ነበር፣ አንድ ቀን አልዘለለችም። ከብሪጁ ስር ግን አንድም ቀን አልጸዳም፤ የነገራትም አልነበረም።

ጥርሶቹ ስለተያያዙ የጥርስ ክር ከላይ አይገባም። ክሩን እንደ መርፌ የሚያሾልክ ትንሽ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ጫፉ ጠንከር ያለ፣ መሐሉ እንደ ስፖንጅ የሆነ ለብሪጅ የተሠራ ክርም አለ። ጫፉን ከጉንጭ በኩል ከብሪጁ ስር አስገብተው በምላስ በኩል ያውጡት። መጀመሪያ አንዱን ተሸካሚ ጥርስ በክሩ አቅፈው ወደ ላይና ወደ ታች ይፈትጉ። ቀጥለው የመካከለኛውን ጥርስ ሆድ ይጥረጉ፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ተሸካሚ ይሂዱ። ሲጨርሱ ክሩን ወደ ጎን ይሳቡት። በቀን አንዴ፣ ማታ ከመተኛት በፊት ይበቃል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድድ ሊደማ ይችላል። በዚህ ፈርተው አያቁሙ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም የሚደማ ከሆነ ግን ይታዩ። ክፍተቱ ሰፋ ያለ ከሆነ ደግሞ በጥርስ መሐል የምትገባ ቀጭን ብሩሽ ትቀላለች።

በስቴኪኒ መጎርጎር ድድን ያቆስላል። መፋቂያ የጥርስን ፊት ጥሩ አድርጎ ያጸዳል፣ እኔም እወደዋለሁ። ከብሪጁ ስር ግን አይደርስም። በኃይል ሲፋቅ ደግሞ ድዱን ያሸሸዋል፣ ያን ጊዜ የክራውኑ ጠርዝ ይጋለጣል።

ካላመመኝ ደህና ነው ብሎ መቀመጥ

ነርቩ የተገደለ ጥርስ ቢበሰብስም ብዙ ጊዜ አያምም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ እንዲህ ዓይነት ከሆነ ሕመምን መጠበቅ ዋጋ የለውም።

የበለጠ የሚያታልለው በአንድ ወገን ብቻ ሲለቅ ነው። ሁለተኛው ጥርስ አጥብቆ ስለያዘው ብሪጁ አይወልቅም። ባኘኩ ቁጥር ግን ምራቅና የምግብ ጭማቂ በተላቀቀው በኩል ይገባል፣ ይወጣል። በጣት ሲጫኑት ጠርዙ ላይ አረፋ ብቅ ሊል ይችላል። አፍ መጥፎ ጣዕም ያመጣል፣ የወጣው ክር ይሸታል፣ በፊት የማይጠራቀምበት ቦታ ምግብ ይሰገሰጋል። ከእነዚህ አንዱን ካዩ ሳምንት አይቆዩ። እናቴ ሽታውን ለወራት «የጨጓራዬ ነው» እያለች ስታልፈው ከርማለች።

ምንም ባይሰማዎትም በየስድስት ወሩ ይታዩ። ጥርስ ሲያሳጥቡ ተሸካሚዎቹን በራጅ ማየት ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።

የወለቀን ብሪጅ በሱፐር ግሉ መለጠፍ

በፍጹም። ማጣበቂያው ድድን ይጎዳል፣ ብሪጁም ቦታውን ስቶ ይደርቃል። አጥበው በንጹሕ ዕቃ ያስቀምጡትና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሂዱ። ከዘገዩ ጥርሶቹ ስለሚንቀሳቀሱ ላይገባ ይችላል። እንዲሁ ሰክተውትም አይተኙ፤ ሊውጡት ይችላሉ።

ጠንካራ ነገር መስበር

የጠርሙስ ቆርኪ፣ አጥንት፣ በረዶ፣ ጠጠር ያለበት ቆሎ። ሸክላውን ይሸርፉታል። ማታ ጥርስዎን የሚያፋጩ ከሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ለመኝታ የሚደረግ መከላከያ ይሠራል።

በጥድፊያ ማሰራት

ይሄ ከውጭ ለሦስት ሳምንት ዕረፍት መጥተው በዚያው ጥርስ ለሚያሰሩ ወገኖቻችን ነው። ድድ የታመመ ከሆነ መጀመሪያ መታከም አለበት። ሲነክሱ ብሪጁ ከሌሎቹ ጥርሶች ከፍ ብሎ ከቀረ መስተካከል አለበት። ቀጠሮውን ከመጡ በመጀመሪያው ሳምንት ያድርጉት፣ ለማስተካከያ ቀን ይተርፋል።

እናቴ አዲስ ብሪጅ አሰርታለች። ተሸካሚው ስለተነቀለ ሐኪሙ ከጎኑ ያለውን ጤነኛ ጥርስ መሞረድ ግድ ሆነበት፤ ሦስት የነበረው አራት ሆነ። አሁን ክሩ መስታወቷ አጠገብ ተንጠልጥሏል፣ ማታ ማታ መነጽሯን አድርጋ ታሾልከዋለች።