ስለ ጥንታዊት ግሪክ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍልስፍና ሲነሣ፣ ዴሞክራሲ ሲነሣ፣ ኦሊምፒክ ሲቃረብ የጥንት ግሪኮች ስም መጠራቱ አይቀርም። የሚጠራውን ያህል ግን አይመረመርም። አንዱ የጻፈውን ሌላው እየተቀበለ ስህተቱ ሥር ይሰድዳል። ከዚህ በታች የማነሣቸው በአማርኛ ጽሑፎች ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ነው። አብዛኞቹ የሚመነጩት የብዙ ከተሞችንና የብዙ መቶ ዓመታትን ታሪክ ጠቅልሎ «ግሪክ» ከማለት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሪክን አንድ መንግሥት ማድረግ

ስለ ሶቅራጥስ ዘመን ሲጻፍ «የግሪክ መንግሥት» የሚል ዐረፍተ ነገር ካለበት ጽሑፉ ከመነሻው ተሳስቷል። እንዲህ የሚባል መንግሥት አልነበረም። የነበሩት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሕግ፣ ጦርና የቀን አቆጣጠር ያላቸው፣ ከአንድ ሺህ የማያንሱ ከተማ መንግሥታት ናቸው። ብዙዎቹም ዛሬ ግሪክ በምንለው ምድር ላይ አልነበሩም። ሲራክዩስ በሲሲሊ፣ ቀሬና በሊቢያ፣ የዛሬዋ ማርሴይ ደግሞ በፈረንሳይ ጠረፍ የተቆረቆሩ የግሪኮች ከተሞች ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 የፋርሱ ንጉሥ ዜርክሲስ ሲዘምትባቸው እንኳ አንድ አልሆኑም። ከድሉ በኋላ በዴልፊ ባቆሙት፣ ሦስት እባቦች በተጠማዘዙበት የነሐስ ዓምድ ላይ ፋርስን የተቃወሙት ከተሞች ስም ተቀርጿል። ቁጥራቸው 31 ብቻ ነው። ዓምዱ ኋላ ወደ ቁስጥንጥንያ ተወስዶ ዛሬም ኢስታንቡል ውስጥ፣ የእባቦቹ ራስ ተሰብሮ፣ ቆሞ ይታያል። የታላቋ ቴብስ ስም የለበትም፤ ከፋርስ ጎን ተሰልፋ ነበርና።

ከዚሁ ጦርነት የተወሰደው የ«300 ስፓርታውያን» ታሪክም እርማት ያሻዋል። በቴርሞፒላይ መተላለፊያ በመጨረሻው ቀን ከስፓርታው ንጉሥ ከሊዮኒዳስ ጋር ፋርሶችን ሊገቱ የቀሩት ሦስት መቶው ብቻ አልነበሩም። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ እንደጻፈው 700 የቴስፒያ ሰዎች በፈቃዳቸው ቀርተው አብረው አልቀዋል። ስፓርታ ዋናው ጦሯ ገና ቤቱ ነበር፤ ትንሿ ቴስፒያ ግን ያላትን ተዋጊ ሁሉ ሰጠች ማለት ይቻላል። ፋርሶችም ከተማዋን አቃጠሏት። ዝናው ለማን እንደደረሰ ግን የምናውቀው ነው።

የአቴንስን ዴሞክራሲ በዛሬው ምርጫ መተርጎም

«የአቴንስ ሕዝብ መሪዎቹን ይመርጥ ነበር» የሚለው አባባል ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። ሕዝብ የተባሉት አዋቂ ወንድ ዜጎች ብቻ ነበሩ። ሴቶች፣ ባሪያዎችና ከሌላ ከተማ መጥተው የሚኖሩ መጻተኞች ድምፅ አልነበራቸውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ451 በከተማዋ መሪ በፐሪክለስ አሳሳቢነት የወጣው ሕግ ደግሞ ዜግነትን በአባትም በእናትም አቴንሳዊ ለሆነ ሰው ብቻ ወሰነ። አቴንስ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተማረው አርስቶትል የስታጊራ ተወላጅ ስለነበር በከተማዋ ጉባኤ እጁን ማውጣት አይችልም ነበር።

ይህ አሁን አሁን እየታወቀ መጥቷል። ብዙም የማይነገረው፣ አቴንሳውያን አብዛኛውን ሹመት የሚሰጡት በምርጫ ሳይሆን በዕጣ መሆኑ ነው። የምክር ቤቱ 500 አባላትና በየዓመቱ የሚመዘገቡት 6,000 ዳኞች በዕጣ ይወጡ ነበር። የሚመረጡት እንደ 10ሩ የጦር አዛዦች ያሉ፣ ልዩ ችሎታ የሚጠይቅ ኃላፊነት ያለባቸው ናቸው። ዕጣው የሚወጣበት መሣሪያ ረድፍ በረድፍ ቀዳዳ የተበሳለት የድንጋይ ሰሌዳ ነው። ዜጎች ስማቸው የተቀረጸበትን የነሐስ ቁራጭ በቀዳዳዎቹ ይሰካሉ፤ ከዚያ በሰሌዳው ጎን ባለ ቱቦ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ኳሶች ይጨመራሉ። ነጭ የወጣለት ረድፍ በሙሉ ለዳኝነት ይገባል፣ ጥቁር የወጣለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። አርስቶትል ዕጣን የዴሞክራሲ፣ ምርጫን ደግሞ የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ አድርጎ የጻፈው ይህን እያየ ነው። «ዴሞክራሲ ማለት ምርጫ ነው» ለማለት አቴንስን ምስክር የሚጠሩ ሰዎች ምስክራቸውን ቢያዳምጡት መልካም ነበር።

ቢሆንም ሥርዓቱን ያለ ነውር አድርጎ መሳልም ሌላው ስህተት ነው። አቴንሳውያን አደገኛ ነው ያሉትን ሰው ስሙን በገል ላይ ጽፈው ለ10 ዓመት ከከተማ ያስወጡት ነበር። በአክሮፖሊስ ግርጌ ከአንድ ጉድጓድ የፖለቲከኛው የቴሚስቶክልስ ስም የተጻፈባቸው 190 ገሎች ተገኝተዋል፤ የእጅ ጽሑፉ ሲመረመር ግን የጻፏቸው 14 ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። ተጽፎ የተዘጋጀ ገል ለድምፅ ሰጪ ማደል ያኔም ነበረ ማለት ነው።

ማራቶንን የጥንት ውድድር ማድረግ

ይህ ስህተት ለእኛ ቅርብ ነው። በጥንቷ ኦሊምፒያ ማራቶን አልተሮጠም፤ ረጅሙ ሩጫ 5 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ማራቶን ሚሼል ብሬያል በተባለ ፈረንሳዊ ምሁር ሐሳብ ለ1896ቱ የአቴንስ ኦሊምፒክ የተፈጠረ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትርም የመጣው ከ1908ቱ የለንደን ውድድር ነው።

«አቴንሳውያን ፋርሶችን ማራቶን ላይ ሲያሸንፉ ወደ አቴንስ ሮጦ ‹ድል አደረግን› ብሎ የሞተው መልእክተኛስ?» የሚል አይጠፋም። ከጦርነቱ ብዙም ሳይርቅ የጻፈው ሄሮዶቱስ ይህን ታሪክ አያውቀውም። እርሱ የሚተርከው ፊዲፒዴስ ከውጊያው በፊት እርዳታ ለመጠየቅ ከአቴንስ ወደ ስፓርታ፣ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ በማግስቱ እንደደረሰ ነው። ሮጦ፣ አብሥሮ፣ ወድቆ የሞተው ሰው በጽሑፍ የሚመጣው ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በፕሉታርክና በሉቅያኖስ ዘንድ ነው። የችቦው ቅብብል ደግሞ ከዚህም የቀረበ ነው፤ በ1936 በርሊን ተጀመረ።

ባጭሩ የሚታረሙ

ሐውልቶቹ ነጭ አልነበሩም፤ በቀይ፣ በሰማያዊና በሌላም ቀለም ያሸበረቁ ነበሩ። የትሮይን የእንጨት ፈረስ ለማግኘት የሆሜርን ኢልያድ የሚገልጥ ሰው ይደክማል፤ ኢልያድ በሄክቶር ቀብር ያበቃል። ሶቅራጥስ አንድም መጽሐፍ አልጻፈም፤ ስለዚህ «ሶቅራጥስ እንዲህ አለ» ከማለት በፊት የነገረን ፕላቶ ይሁን ክሴኖፎን መጠየቅ ይገባል። ሁለቱም የሌሉበት ጥቅስ ከሆነ መተው ይሻላል።

በግሪክኛ የተጻፈን ሁሉ የግሪኮች ማድረግ

ሄሮዶቱስ «ኢትዮጵያውያን» ሲል በዋናነት የሚያወራው ከግብፅ በስተደቡብ ስላሉት፣ ዋና ከተማቸው በዛሬዋ ሱዳን ያለችው ሜሮዌ ስለሆነች ሰዎች ነው። ይህን ሳይለዩ ጥቅሱን ሁሉ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች መጎተት አንድ ስህተት ነው። ከእውነተኛው ግንኙነት ላይ ዓይን መጨፈን ደግሞ ሌላው። የአክሱም ነገሥታት ገንዘባቸው ላይ በግሪክኛ ያስጽፉ ነበር፤ የኢዛናም የድንጋይ ጽሑፍ ከግዕዝና ከሳባ ጎን ግሪክኛ አለው። ግሪክኛ የቀይ ባሕር ንግድ ቋንቋ ነበር፤ ጸሐፊውን ግሪካዊ አያደርገውም።

በዚህ የተሳሳተው የመጀመሪያው ሰው በዓይኑ ያየ ሰው ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት ሲዘጋጅ፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በአክሱም ወደብ በአዱሊስ ሁለት የግሪክኛ ጽሑፎችን እንዲገለብጥ ታዘዘ። አንደኛው ግብፅን የገዛው ሣልሳዊ ጰጦልሚ በጥቁር ድንጋይ ያስቀረጸው፣ የጦር ዝሆኖቹን የሚያነሣ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው መጀመሪያው በጠፋ የዕብነ በረድ ዙፋን ላይ የተጻፈ፣ የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ የዘመቻ ዝርዝር ነው። ኮስማስ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ተከታይ መስሎት አንድ ላይ ገጠማቸው። አገሜን ያስገበረው፣ እስከ ጉልበት በሚያሰጥም በረዶ ውስጥ አልፎ የስሜንን (የሲሚየንን) ተራሮች የወጋው አክሱማዊ ንጉሥ፣ ሊቃውንት ሁለቱን ጽሑፎች እስኪለዩ ድረስ ለብዙ መቶ ዓመታት ጰጦልሚ ተብሎ ተነበበ።