ሥራ ላይ ላሉ ነርሶች ትምህርት ስትነድፉ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ነርሶች በሁለት ዓመት ኮሌጅ ተምረው ፈቃድ ያወጣሉ። ከዚያ ሥራቸውን ሳይለቁ ወደ ባችለር ዲግሪ ያሳድጋሉ። ኒውዮርክማ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ሕግ አዲስ ነርሶች ፈቃድ ባወጡ በ10 ዓመት ውስጥ ዲግሪውን እንዲይዙ ታስገድዳለች። ከተማሪዎቹ መካከል የእኛ ልጆችም አሉ። ኮሌጆቹ «ተማሪ ተኮር ነን» ይላሉ፤ አሠራራቸው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ነው።

ትልቁ ስህተት ፕሮግራሙን በቢሮ ሰዓት መቅረጽ ነው። ሌሊቱን 12 ሰዓት ስትሠራ ያደረች ነርስ ረፋድ ላይ «ዙም ግቢ» ስትባል፣ ወይ እንቅልፏን ወይ ነጥቧን ታጣለች። ትምህርቱ ተቀርጾ ይቀመጥላት። ማስረከቢያውም ሁልጊዜ እሁድ ማታ አይሁን፤ ቅዳሜና እሁድ ተረኛ የሆኑ ሞልተዋል። የፈተናና የማስረከቢያ ቀናት ደግሞ ሴሚስተሩ ሳይጀመር ይታወቁ። የሆስፒታል ሺፍት የሚወጣው ከሳምንታት በፊት ነው፤ ማክሰኞ ተነግሮ ዓርብ ለሚደርስ ሥራ ማን ይቀይራታል? የቡድን ሥራም ቀንሱ። የአራት ነርሶች ሺፍት አንድ ላይ አይገጥምም።

ሁለተኛው እንደ ጀማሪ ማስተማር ነው። የፈቃድ ፈተናውን አልፋ ዓመታት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የሠራችን ሰው የደም ግፊት አለካክ ማስተማር ገንዘቧን ማባከን ነው። የሚያስፈልጋት ጥናት መመርመር፣ የማኅበረሰብ ጤናና አመራር ነው። ይህንንም ከሥራዋ አንሱት። በምትሠራበት ክፍል ታካሚዎች ለምን ተንሸራተው እንደሚወድቁ ታጥና፣ መፍትሔ ታቅርብ። የታካሚ ማንነት እንዳይወጣ ግን አስቀድማችሁ መመሪያ ስጡ።

ለተግባር ልምምድ «አሠልጣኝ ራስሽ ፈልጊ» ማለትም ልክ አይደለም። ቦታ ማመቻቸት የኮሌጁ ሥራ ነው።

ክፍያውንም አስቡበት። ብዙ ሆስፒታሎች የትምህርት ወጪ የሚመልሱት ውጤት ካዩ በኋላ ነው። ቀጣሪ ከታክስ ነፃ የሚከፍለው ጣሪያም ለረጅም ጊዜ በዓመት 5,250 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ኮርሱን ሁሉ በአንድ ዓመት ካጨቃችሁት ከጣሪያው በላይ ያለው ከኪሷ ይወጣል። ኮርሱን በሁለት ዓመት ከፋፍላ የምትወስድበት አማራጭ ይኑር።

የመጨረሻው «በራስሽ ፍጥነት ተማሪ» ብሎ ብቻዋን መተው ነው። በተለይ ጽሑፍ ላይ። ቻርት (የታካሚ መዝገብ) በአጭር በአጭሩ መጻፍ የለመደች፣ እንግሊዝኛም ሁለተኛ ቋንቋዋ የሆነ ነርስ ረጅም ጽሑፍ ያስጨንቃታል። ረቂቋን ነጥብ ሳትሰጡ አንብቡላት፣ ሐሳቧን ከሰዋስው ስህተቷ ለይታችሁ አርሙ። አማካሪም ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ማታም ይገኝ።