ርካሽ የብረት መፈለጊያ ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ታወዳድራላችሁ?

ሻጩ «ሦስት ሜትር ድረስ ያያል» ካላችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉት። በርካሽ ዲቴክተር አንድ ሳንቲም ከ25 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠልቆ ከተቀበረ ተስፋ የለውም። ዋናው ጥያቄ ማሽኑ አፈራችንን ይችለዋል ወይ ነው። ከእንጦጦ እስከ ሱሉልታ ያለው ቀይ አፈር ብረት አለበት። አንዳንዱ ጥቁር ድንጋይማ ከሥሩ ምንም ሳይኖር ማሽኑን ያስጮኸዋል።

መጀመሪያ ቦታ ያዙ። የራሳችሁ ጓሮ ወይም ባለቤቱ የፈቀደላችሁ ማሳ ይሁን። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስም ለመንግሥት ይነገራል። ስለዚህ እንጦጦ ቤተ መንግሥት፣ መልካ ቁንጥሬ፣ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይታሰብም። ጥይት ወይም ቦምብ የሚመስል ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ ለፖሊስ ደውሉ።

አሁን ማሽኖቹ። ሦስቱን እንውሰድ። ጋሬት ኤስ 300 በ8 ኪሎ ኸርዝ ፍሪኩዌንሲ (የሞገድ ድግግሞሽ) ይሠራል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከአፈሩ ጋር የምታስማሙበት ቁልፍ የለውም። ኖክታ ሲምፕሌክስ በ12 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ማስማሚያ አለው፣ ባትሪውም ቻርጅ ይደረጋል። ማይንላብ ቫንኩዊሽ 340 በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ ስለሚሠራ ራሱ ከአፈሩ ጋር ይስማማል።

ከመፈተናችሁ በፊት መሬቱን አስሱ፣ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ማግኔት የማይስበውን የ1969ኙን 25 ሳንቲም፣ አንድ ቆርኪ፣ አንድ ሚስማርና የሲጋራ ፓኮ ፎይል በ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ አራርቃችሁ ቅበሩ። እንጨት ተክላችሁ ምልክት አድርጉ። ስልካችሁን አጥፉ፤ ከኤሌክትሪክ መስመርም ራቁ። ካልሆነ ማሽኑ ዝም ብሎ ይለፈልፋል። ማስማሚያ ያለውን ማሽን፣ ኮይሉን (ከዘንጉ ጫፍ ያለውን ክብ ክፍል) ወደ መሬት ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ድምፁ እስኪረጋጋ አስማሙት።

ኮይሉን ዝቅ አድርጋችሁ በቀስታ አወዛውዙ። ሳንቲሙ ከየትኛውም አቅጣጫ ብትመጡ ያው አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥርም ብዙ አይዘልም። ቆርኪው ግን አሳሳች ነው። ከመሃሉ ሳንቲም ይመስላል፤ ኮይሉን ወደ ጎን ስታንሸራትቱት ድምፁ ይሰነጣጠቃል። ይህን ልዩነት በደንብ የሚያሰማችሁ ማሽን ነው የሚያዋጣው። አለዚያ ቀኑን ሙሉ የቢራ ቆርኪ ስትለቅሙ ትውላላችሁ።

ፎይሉ ሌላ ጣጣ ነው። አልሙኒየምና ትንሽ የወርቅ ቀለበት ተቀራራቢ ቁጥር ስለሚሰጡ፣ ፎይሉን ዝም ያሰኘ ማስተካከያ ቀለበቱንም ዝም ያሰኘዋል።

ሳንቲሙን ወደ 15፣ ቀጥሎም ወደ 20 ሴንቲ ሜትር አውርዳችሁ ድገሙት። ማሽኑ እየጮኸ ካስቸገራችሁ ሴንሲቲቪቲውን (የማሽኑን ንቃት) ቀንሱ።

ቀይ አፈር ላይ ከሆናችሁ እኔ ሲምፕሌክሱን ወይም ቫንኩዊሹን እመርጣለሁ። ለልጆች ጨዋታ ጋሬቱ ይበቃል። ከበጀታችሁ ግን ለፒንፖይንተር (ጉድጓድ ውስጥ ዕቃው የቱ ጋ እንዳለ ለሚጠቁም ትንሽ የእጅ መፈለጊያ) የምትሆን ቆንጠር አድርጋችሁ አስቀሩ። ጭቃ ውስጥ በጣት ሳንቲም መዳበስ ያሰለቻል።