አቴንስ ስትግል ወደ ኪፊሲያ

በሐምሌ አቴንስ ካላችሁና አስፋልቱ እንደ ምጣድ ከጋለ፣ መሀል ከተማ ሞናስቲራኪ ጣቢያ ገብታችሁ፣ በስተሰሜን ዳርቻ ወዳለው የኪፊሲያ ሰፈር የሚሄደውን የባቡር 1ኛ መስመር ያዙ፤ አረንጓዴው ነው። ብቻ አቅጣጫውን እዩ፣ በተቃራኒው ከሄዳችሁ ፒሬየስ ወደብ ነው የምትወርዱት። ኪፊሲያ የመጨረሻው ፌርማታ ስለሆነ እንቅልፍ ቢወስዳችሁም አያልፋችሁም። ከጣቢያው እንደወጣችሁ ዛፍ የሞላበት መናፈሻ አለ። ቦታው ከመሀል ከተማው ከፍ ስለሚል አየሩ ቀለል ይላል። ልጆች ከያዛችሁ የጉላንድሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እዚያው ነው። ለሱቅ ከሆነ ግን እሁድን ተዉት።

አንድ ነገር፦ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጎረቤት ሰፈሮቹ ኔያ ኤሪትሪያና ኤካሊም በኪፊሲያ ማዘጋጃ ቤት ሥር ናቸው። ባቡሩ ግን እዚያ አይደርስም። ቤት ስትከራዩ አድራሻው «ኪፊሲያ» ስላለ ብቻ አትመኑ፤ ከጣቢያው በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጠይቁ። አለዚያ ሻንጣ እየጎተታችሁ አውቶቡስ መጠበቅ ነው።