የጤና ዳሰሳ ስትሠሩ በናሙናው ብዛት አትዘናጉ

የጤና ዳሰሳ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይበቃኛል?» ነው። ለዚህ ቀመር አለው፣ ቶሎ እንጨርሰው። በዕጣ የተመረጡ 400 ሰዎች የሚሰጧችሁ ውጤት አብዛኛውን ጊዜ ከትክክለኛው በ5 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ነው። ይህን በግማሽ ለመቀነስ 800 አይበቃም፣ 1600 ያስፈልጋል። በየሰፈሩ ሰብሰብ አድርጋችሁ ከመረጣችሁ ደግሞ ቁጥሩን ጨምሩ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይመሳሰላል።

ጉዱ ያለው ግን ጥያቄው ላይ ነው። ጥያቄው ከተንሻፈፈ 10,000 ሰው ብትጠይቁም የተንሻፈፈውን መልስ 10,000 ጊዜ መሰብሰብ ነው። «ታጨሳለህ ወይም ትጠጣለህ?» ተብሎ «አዎ» ያለ ሰው የትኛውን እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? ለየብቻ ጠይቁ። «በቅርቡ» የምትለዋንም ቃል አውጧት፤ ለአንዱ ትናንት ነው፣ ለሌላው ዓመት። ትልልቆቹ ዳሰሳዎች ስለ ሕፃናት ተቅማጥ ሲጠይቁ «ባለፉት 2 ሳምንታት» የሚሉት ወደው አይደለም፤ ተራ ሕመም ቶሎ ይረሳል። ሆስፒታል መተኛት ስለማይረሳ እስከ 12 ወር መሄድ ይቻላል፣ እሱም ቢሆን ሰው የ14 ወሩን ነገር ጎትቶ ማስገባቱ አይቀርም።

መጠጥና ወሲብን የመሰለ ነገር ቤተሰብ በተሰበሰበበት አይጠየቅም። ለብቻ አድርጉት፣ ማንበብ ለሚችል ሰው ደግሞ ታብሌቱን ስጡትና ራሱ ይሙላ።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ስህተት ይሄ ነው፦ መረጃ ሰብሳቢው አንኳኩቶ ሰው ሲያጣ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል። በሥራ ሰዓት ቤት የሚገኘው እኮ በብዛት የታመመ፣ ያረጀ ወይም ልጅ የያዘ ነው! ጤነኛውና ሠራተኛው ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው። በተለያየ ሰዓት 3 ጊዜ ያህል ይመለስ፣ ጨርሶ ያልተገኘውም ይመዝገብ።

ከመጀመራችሁ በፊት 20 ሰው ላይ ሞክሩት። መልሱን ብቻ አትስሙ፣ «ጥያቄውን ምን ብለህ ተረዳኸው?» በሉ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ጉድ የሚወጣው።

ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን ዳታ በዚያው ማታ እዩት። የደም ግፊት በዲጂታል መሣሪያ ከተለካ በ0 የሚያልቀው ቁጥር ከ10 አንድ ገደማ መሆን አለበት። ከአንዱ መረጃ ሰብሳቢ የመጣው ግማሹ በ0 ካለቀ፣ ቁጥሩን ከራሱ እየጻፈ ሊሆን ይችላልና መሣሪያውን ተዉትና ሰብሳቢውን አነጋግሩት።